የሰው ደጅ ያሳደጋቸው ልጆች

የቆሎ ተማሪ አዲስ መንደር ሲገባ መጀመሪያ የሚያጠናው ዜማውን አልነበረም፤ ውሾቹን ነበር። የትኛው ታስሮ ይውላል፣ የትኛው ከአጥር ሥር ተጋድሞ ድምፅ ሳያሰማ ይመጣል፣ የትኛው ዱላ ሲያይ ይሸሻል፣ የትኛውስ ዱላ ሲያይ ይብስበታል፤ ይህን ሳያውቅ ወደ ሰው ደጅ የሚሄድ አዲስ ገቢ በሳምንቱ ባቱን ተነክሶ ጎጆ ይውላል። ከውሾቹ ቀጥሎ ቤቶቹን ያጠናል። እንጀራ የሚጋገርበትን ቀን ከጭሱ ያውቃል። ማን ቤት ተዝካር እንደተቃረበ፣ ማን ቤት አራስ እንዳለች፣ የትኛዋ እመቤት ባሏ ቤት ሲውል እጇ እንደሚያጥር፣ የትኛዋ ባልቴት ከራሷ ጉርሻ ከፍላ እንደምትሰጥ በልቡ መዝግቦ ይይዛል።

እኔም በዚህ መንገድ ካለፉት አንዱ ነኝ። ቢቸና አካባቢ ተወልጄ፣ ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ፍለጋ ከቤት የወጣሁት ድምፄ እንኳ ሳይጎረንን ነው። ኋላ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ገባሁ፤ መምህር ሆኜም ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከልጆች ጋር ኖርሁ። ለመምህርነት ስንሠለጥን አካባቢ ልጅን ይቀርጻል የሚለው ነገር ተደጋግሞ ይነሣ ነበር። እውነት ነው፤ ግን ጎዶሎ እውነት ነው። አንድ ጎጆ ያደሩ፣ ከአንድ አኮፋዳ የበሉ፣ በአንድ የኔታ እግር ሥር የተቀመጡ ልጆች ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሰዎች ሆነው ሲወጡ አይቻለሁ። አካባቢው አንድ ነበር፤ የተለያየው እነሱ አካባቢውን ያዩበት ዐይን ነው። የቆሎ ትምህርት ቤት ትልቁ ጥበብ፣ እንደ እኔ ግምት፣ ያንን ዐይን አውቆ መግራቱ ነበር።

ለማያውቀው አንባቢ ሥርዓቱን ባጭሩ ላስታውስ። ልጅ በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከየኔታ ደጃፍ ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል። ከዚያ መልእክተ ዮሐንስን በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ይወጣል፤ ወንጌሉን ያነባል፤ በመጨረሻም 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይደግማል። ልጁ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ደፍቶ ይደግሳል። ለብዙው ትምህርት እዚህ ያበቃና ወደ እርሻው፣ ወደ ከብቱ ይመለሳል። የሚቀጥለው ግን ከቤት መውጣት አለበት። ድጓ የሚያስመሰክር ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ እዚያው ጋይንት ዙር አባ ነው፤ አቋቋም ጎንደር፣ ቅዳሴ ሰለልኩላ ወይም ደብረ ዓባይ። ለቅኔ ጎጃም አለ፦ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ። ወሎም ዋድላን የመሰለ የቅኔ አገር አለው። ሙያው ሁሉ በአንድ ቦታ ስለማይገኝ ተማሪው አገሩን በእግሩ ይዞራል።

ቅርብ መምህር ያለው ልጅ እንኳ ርቆ መሄድን ይመርጥ ነበር። በአገሩ የሚማር ልጅ ልቡ አይሰበሰብም ይባላል። ዛሬ የአጎት ሠርግ ነው፣ ነገ በሬው ታሟል፣ ከነገ ወዲያ እናቱ አንድ ቀን እንኳ እደር ትለዋለች። አባት ከብት ጠባቂ እንዳይጎድልበት ይከለክላል፤ እናት ናፍቆቱን አትችልም። ስለዚህ ብዙው ልጅ ይጠፋል። ከጎረቤት ልጅ ጋር ይማከራል፣ የማይሻግት ነገር ነውና ጥቂት ቆሎ ይቋጥራል፣ ዶሮ ሳይጮህ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዓመት ሁለት ዓመት ወሬው ላይሰማ ይችላል። ለቤተሰብ መራር ነገር ነበር፤ ልጇ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳታውቅ የምትኖር እናት በየመንደሩ ነበረች።

ለልጁ ግን ያች ሌሊት በራሱ የወሰነው የመጀመሪያው ነገር ናት። ተልኮ የሄደ ልጅና መርጦ የሄደ ልጅ ከአንድ ቦታ የሚቀበሉት ነገር አንድ አይደለም። የተላከው ብርዱን የሌላ ሰው ጥፋት አድርጎ ያየዋል። መርጦ የሄደው ብርዱንም ረሃቡንም የመንገዱ ክፍያ አድርጎ ይቆጥረዋል። በማስተምርበት ዘመን ይህንኑ በክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ፣ አባቱን ለምኖ የመጣው የገበሬ ልጅ በራፉ ላይ ትምህርት ቤት ከተሠራለት ልጅ ይበልጥ የተሰባበረውን አግዳሚ ወንበር ያከብር ነበር።

አሁን ወደ ደጁ ልመለስ፤ የነገሩ ሁሉ ሥር እዚያ ነው። ከጠዋቱ ትምህርት በኋላ ፀሐይ ጠንከር ስትል ተማሪ ይሰማራል። ትከሻው ላይ ደበሎ ጣል ያደርጋል፤ ከጎኑ ከሰሌን የተሠራ አኮፋዳ ያንጠለጥላል፤ በእጁ ዱላ ይዟል። ከአጥሩ በር ላይ ቆሞ፣ ወደ ግቢው ሳይዘልቅ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ድምፁን ይስባል። በእኛ ጉባኤ ቤት ደንቡ የታወቀ ነበር። ደጋግሞ ጠርቶ መልስ ያጣ አይጨቀጭቅም፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የተሰጠውን ተቀብሎ ይመርቃል እንጂ ጨምሩልኝ አይልም። አንድ ቤት ሁለት ተማሪ አይደራረብም፤ መንደሩን በአቅጣጫ ተከፋፍለን ነበር የምንዞረው።

የጎጆአችን አለቃ የነበረው ትልቅ ተማሪ፣ ከላስታ የመጣ ቀጭን ሰው፣ ከዚህ ሁሉ ደንብ በላይ ለአዲስ ገቢ የሚያስጠናው አንድ ነገር ነበረው። እኔንም አኮፋዳዬን ሊያንጠለጥልልኝ ቁጭ ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «ስማኝ ወንድሜ፣ ባዶ እጅህን የመለሰህን ቤት እንዳትረግም። አንተ የቆምኸው በራስህ ስም አይደለም፤ የከለከሉህም አንተን አይደለም። የሰጡህም አንተን አይደለምና እንዳትኮራ።»

ልጅ ሲከለከል መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ «ጠሉኝ» የሚል ነው። ያ ሐሳብ በየቀኑ ሲደጋገም ወደ ቂም ይለወጣል፤ ቂሙም ከጠባዩ ጋር አብሮ ያድጋል። የላስታው ሰው የሰጠን ቃል በልጁና በመከልከሉ መካከል ክፍተት ያበጅ ነበር። እመቤቲቱ ተቆጥታ የመለሰችው ሌማቷ ባዶ ሆኖ፣ ልጇ ታሞባት፣ ከባሏ ተጣልታ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ይህን ማሰብ ይለምዳል። ይህን በየቀኑ በየደጁ የሚለማመድ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ የሰው ፊት ማንበብ ይማራል። ንባቡም የንዴት ሳይሆን የርኅራኄ ይሆናል።

አንዲት ባልቴት ነበሩ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ፣ ጣሪያው ያዘመመ ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ። የሚሰጡት ነገር እፍኝ የማይሞላ ሽምብራ ነበር። ግን ሁልጊዜ ራሳቸው እስከ አጥሩ ድረስ ምርኩዛቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ውሻውን ይይዛሉ፤ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ሽምብራውን መዳፌ ላይ ያፈሱና «እናትህ አንጀቷ እንዴት ቻለልህ፣ ልጄ?» ይላሉ። መልስ አይጠብቁም። ከሳቸው ቤት የተገኘ እህል ወደ ጋራው ሌማት ሲገባ የኛ አለቃ ለይቶ ያስቀምጠውና ከትምህርት በፊት ለእያንዳንዳችን ጥቂት ጥቂት ፍሬ ያድለን ነበር። የሰጡትን ሰው ስም እየጠራ። ከማን ቤት ምን እንደተገኘ ሳይነገር የሚበላ ነገር በኛ ጎጆ አልነበረም።

የባላባት ልጅም ይለምን ነበር። ይህ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር ነው። ከአባቱ ቤት ስንቅ ሊላክለት የሚችል ልጅ እንኳ አኮፋዳ አንጥልጥሎ ይወጣል፤ የማይወጣ እንደ ተማሪ አይቆጠርም። ከትግራይ፣ ከሸዋ፣ ከላስታ፣ ከሜጫ የመጡ ልጆች በአንዲት የሣር ጎጆ ተደራርበው ያድራሉ፤ የአባታቸው ስም ቀርቶ በአገራቸው ይጠራራሉ። የአንዱ አነጋገር ለሌላው እንግዳ ነው። መጀመሪያ እንሳሳቅበታለን፤ ወራት ሲያልፉ ግን ሸዌው ጎጃሜ ይሆናል፣ ጎጃሜውም ላስቴ። በዚያ ዕድሜዬ ስለ አገሬ ስፋት ያወቅሁትን ያህል በኋላ ከጂኦግራፊ መጽሐፍ አልተማርሁም።

ሁለት ጓደኞቼን ማንሣት አለብኝ፤ አንድ ጎጆ ነበርን። አንደኛው የከለከሉትን ቤቶች ይቆጥር ነበር። ማታ እሳት ዙሪያ ስንቀመጥ የማን ሚስት ምን እንዳለችው፣ የማን ልጅ ድንጋይ እንደወረወረበት ቃል በቃል ያወርዳል። ሌላው የሰጡትን ይቆጥራል፤ የተነከሰበትን ቀን እንኳ ሲያወራ ውሻውን ያስጣለችውን ልጅ ነው የሚያነሣው። እኩል ተርበዋል፣ እኩል ታመዋል። የመጀመሪያው ሰላ ያለ ባለቅኔ ወጣው። እስከዛሬ ከሰማኋቸው መወድሶች አንዳንዶቹ የሱ ናቸው፤ የሰውን ጉድፍ የሚያይ ዐይን ለቅኔ ስለት ይሆናል። ግን የትም ደብር ሁለት ዓመት አልቆየም፤ ከሁሉም ጋር ተጣልቶ ብቻውን አረጀ። ሁለተኛው በቅኔ መካከለኛ ነበር። ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲያስተምር ኖሮ ሲሞት ሦስት ወረዳ ለቀስተኛ ወጣለት። ከሁለቱ የቱ ይበልጣል ለሚለኝ እኔ ለልጄ የሁለተኛውን ዐይን እመርጥለታለሁ።

ማታ ከልመና የተገኘው ሁሉ ይሰበሰባል። ለስላሳው እንጀራ በዚያው ምሽት ይበላል፤ የቀረው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽና ኮቾሮ ይሆናል፤ ክረምት ሲመጣ፣ ወንዝ ሲሞላና ጎተራ ሲራቆት የሚያድነው እሱ ነው። ዕውሩና በሽተኛው ሳይወጡ ከጋራው ይበላሉ። ዐይነ ስውር ተማሪ በጉባኤ ቤት ብዙ ነበር፤ ዐይነ ስውር መምህርም እንዲሁ። በዚያው በጎጃም ጽላሎ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ፣ ዐይናቸው የጠፋ ሴት፣ ከአባታቸው የተማሩትን ቅኔ ወንበር ዘርግተው ለወንዶች አስተምረዋል። ሴት ልጅ ከቤት ወጥታ ደጅ ለደጅ መዞር በማትችልበት አገር የሳቸው ዕውቀት የአባታቸውን ቤት ደጃፍ ጉባኤ ቤት ማድረጉ የሥርዓቱን ጉድለት ያሳየኛል። ስንት ገላነሽ ከምጣድ ሥር እንደቀረች ሳስብ አዝናለሁ።

ስለ ቅኔ ቆጠራ ሳልናገር ባልፍ ግን የነገሩን ግማሽ ደበቅሁ ማለት ነው። ግሡን፣ እርባታውንና አገባቡን የያዘ ተማሪ በየቀኑ የራሱን ቅኔ ይዞ መቅረብ አለበት። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ያድጋል። ለዚህ ብቻውን ይወጣል። አንዱ ከመቃብር አጠገብ ይቀመጣል፣ አንዱ ወንዝ ዳር ይወርዳል፣ አንዱ ከቁጥቋጦ ሥር ደበሎውን ተከናንቦ ይተኛል። በዚያ ሰዓት ማንም አያነጋግረውም። ከዚያ ተመልሶ ለአስነጋሪው፣ ወይም ለራሳቸው ለየኔታ፣ ቅኔውን ይነግራል።

እዚህ ላይ ነው እረኛ የነበረ ልጅ የሚበልጠው። ሰምና ወርቅ ያለ ሰም አይሠራም፤ ሰሙ ደግሞ ከዙሪያ ይለቀማል። የማረሻን፣ የወገልን፣ የድግርን፣ የእርፍን፣ የሞፈርንና የቀንበርን ስም ማወቅ አይበቃም፤ የትኛው የትኛውን እንደሚይዝ፣ ምራኑ ሲላላ ሞፈሩ ምን እንደሚሆን ማወቅ ያስፈልጋል። የኔታ ዐይናቸው ደክሞ ነበር፤ ጆሯቸው ግን ምንም አያመልጠውም። አንድ ቀን ንብ ከአበባ ወደ ቀፎ የምትመላለስበትን ነገር ሰም አድርጌ ሳቀርብ ዝም ብለው ሰሙኝና «የምትለው አበባ በየትኛው ወር ነው የሚፈነዳው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «ሂድ አይተህ ና» አሉኝ። ሌላ ተግሣጽ አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ መስኩን የማየው አንድ ነገር እንደሚጠየቅ ሰው ነው። ልጅ የሚጠየቅበትን ነገር ይመለከታል፤ የተመለከተውን ነገር ይወዳል፤ የወደደውን አያጠፋም። ዛሬ ስለ አካባቢ ጥበቃ በመድረክ የሚባለው ሁሉ ያች የየኔታ ጥያቄ ያደረገችብኝን አላደረገብኝም።

ሥርዓቱን ያለ እንከን አድርጌ መሳል ግን ለሞቱት ጓደኞቼ ክህደት ይሆንብኛል። ቅማልና ቁንጫ የእያንዳንዱ ደበሎ ነዋሪ ነበር፤ እከክ ያልያዘው ተማሪ አላውቅም። ተስቦ ሲገባ ጎጆ ለጎጆ ይዞር ነበር፤ ዘመድ የሌለው ልጅ በሰው አገር ታሞ በሰው አገር ይቀበራል፤ እናቱ የምትረዳው ከዓመታት በኋላ ነው። ዱላ ነበር፣ አለንጋ ነበር። ቀለም እንዲገባለት ብሎ አብሾ የጠጣ ልጅ ነበር፤ አብሾ መርዝ ነው፣ አእምሮውን ስቶ የቀረ አለ። ከደጅ ደጅ መዞሩ ለአንዳንዱ ትሕትና ሳይሆን ሽንገላ አስተማረው፤ ለሰጪው ሁሉ ማጎብደድ፣ ከኋላው ማማት። ችግር ሰው ያደርጋል የሚሉትን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ችግር ብቻውን ሰው ሲያደርግ አላየሁም። ሰው ያደረገን ችግሩን የሚተረጉምልን ትልቅ ተማሪ፣ የሚያካፍል ጎጆ፣ አጥር ድረስ የሚመጡ ባልቴት መኖራቸው ነው። እነዚህ በሌሉበት ጎጆ ያደረው ልጅ ተሰብሯል።

ይህ ኑሮ ካፈራቸው መካከል ሀዲስ ዓለማየሁ አሉ። በ1902 ዓ.ም. እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረዋል። በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ ውስጥ ገበሬ ከባላባት ፊት ሲቆም፣ ባልቴት ስታለቅስ፣ ተማሪ ሲራብ የሚናገሩት ቋንቋ በሰው ደጅ ቆሞ ባዳመጠ ጆሮ የተያዘ ነው ብዬ አምናለሁ። ገጣሚውና የቴአትር ደራሲው ዮፍታሔ ንጉሤም የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው። አለቃ ለማ ኃይሉ የተማሪነታቸውንና የዘመናቸውን ታሪክ ሲያወሩ ልጃቸው መንግሥቱ ለማ ጽፎት «መጽሐፈ ትዝታ» በሚል በ1959 ዓ.ም. ታትሟል፤ አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጻፉትንም ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ይኸው መንግሥቱ ነው። እነዚህን ያነበበ የኔን ምስክርነት አይፈልግም።

ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ ከተከፈተ በኋላ ዘመናዊው ትምህርት ቀስ እያለ የገጠሩን ልጅ ወሰደ፤ እኔንም ወሰደኝ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ሲታወጅ የቤተ ክርስቲያን መሬትም አብሮ ሄደ፤ ከዚያ የሚተዳደረው መምህር ማረፊያ አጣ። የሰጪው መንደርም ራሱ ተለውጧል። ልጁ ከተማ የሚማርለት ገበሬ የሰውን ልጅ በልመና ማየት ያሳፍረዋል፤ ደግም አድርጓል። ልመናው እንዲመለስ የምመኝ ሰው አይደለሁም።

ጉባኤ ቤቶቹ ግን አልጠፉም። በጎጃም፣ በጎንደር፣ በወሎ ዛሬም ከየኔታ ደጃፍ ተሰብስበው የሚያድሩ ሕፃናት አሉ፤ አብዛኞቹ የድሃ ገበሬ ልጆች ናቸው። ከተማ የምንኖረው፣ ውጭ አገር ያለነውም፣ ለሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ስናዋጣ ጉልላቱን እንጂ ከግንቡ ጀርባ ያለውን ጎጆ አንጠይቅም። አንባቢዬን የምለምነው ይህን ነው፤ ወደ ተወለዳችሁበት ደብር ስትሄዱ ተማሪዎቹ የሚጠጡት ውኃ ከየት እንደሚቀዳ፣ መጸዳጃ ቤት እንዳላቸው፣ ሲታመሙ ማን ጤና ጣቢያ እንደሚወስዳቸው ጠይቁ። የጎደለውን ከሕንፃው መዋጮ ላይ ከፍላችሁ አሟሉ። ከመመለሳችሁ በፊትም ወደ ጎጆው ገብታችሁ የልጆቹን ስም እየጠየቃችሁ ተቀመጡ።